ኤፍ 6 ላይ የቆመ ወታደር

ለዓመታት ቼዝ የተጫወትኩት በጉሮሮዬ ነበር። ንግሥቴን ቶሎ አወጣና «ቼክ!» እላለሁ፤ ንጉሡ ሲሸሽ እከተለውና ደግሜ «ቼክ!»። መካኒሳ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ሰጋቱራው መሃል ተቀምጠን የምንጫወት አራት አምስት ሰዎች ነን። ጩኸቴ ብዙዎቹን ያስደነግጥ ነበር። የደነገጠ ሰው ይሳሳታል፤ እኔ ደግሞ ችሎታዬ ይመስለኝ ነበር።

ከመሃላችን አንዱ አይሰማም። የተማረው እዚሁ መካኒሳ ባለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው። ከእሱ ጋር ስቀመጥ ጩኸቴ ዋጋ አጣ። ቼክ ስል ቀና ብሎም አያየኝ። ንጉሡን አንድ ካሬ ፈቀቅ ያደርግና ቀጥሎ ንግሥቴን የሚያባርር ፈረስ ያወጣል። ደጋግሞ አሸነፈኝ።

አንድ ምሽት እንደተሸነፍኩ አጠገቤ ለነበረው ጓደኛዬ፣ «ስለማይሰማ እኮ አይረበሽም፤ ለዚህ ነው የሚያሸንፈኝ» አልኩት። ከንፈሬን ሲያነብ እንደነበር የገባኝ ፊቱን ሳይ ነው። ብዙ ተናግሬ የተጸጸትኩበት ነገር አለ፤ የዚያን ምሽት ያህል ግን አፍሬ አላውቅም።

ተነሥቶ አልሄደም። ጠጠሮቹን መልሶ ደረደረና የተሸነፍኩበትን ቦታ ያሳየኝ ጀመር።

ንጉሤ ካስል አድርጎ ጂ 8 ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለውን ወታደር ወደ ጂ 6 ገፍቼዋለሁ፤ በሩን የዘጋሁ መስሎኝ። እሱ ሁለት ጣቶቹን ኤፍ 6 እና ኤች 6 ላይ አሳረፈ። ወታደሬ ጂ 7 ላይ እያለ የሚጠብቃቸው ካሬዎች ነበሩ፤ አሁን ባዶ ሜዳ ሆነዋል። የራሱን ወታደር ኤፍ 6 ላይ አስቀመጠ። ቼክ አይደለም፣ የበላውም ነገር የለም። በጨዋታው ጊዜ ይህን ወታደር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ በሌላው ጥግ ቼክ ለማለት ተጣድፌ ነበር። ቀጥሎ ንግሥቲቱ ኤች 6 ገባች። ይህም ቼክ አይደለም። ከዚያ ጂ 7። ንጉሤ እንዳይበላት ወታደሩ ይጠብቃታል፤ ኤፍ 8ን እና ኤች 8ን ራሷ ይዛቸዋለች፤ ኤፍ 7 እና ኤች 7 ላይ የቆሙት የገዛ ወታደሮቼ ናቸው።

ወታደሩን ከሰሌዳው አነሣና ንግሥቲቱን ብቻዋን ተዋት። ንጉሤ በላት። ወታደሩን መለሰው፤ ንጉሤ መላወሻ አጣ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ። በቃል ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚገባኝ አይመስለኝም።

በኋላ ሳነብ ይህ ማት በጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ሎሊ ስም እንደሚጠራ አወቅሁ፤ መጽሐፉ ቦሎኛ ውስጥ የታተመው በ1763 እ.ኤ.አ. ነው። የኛው ጥንታዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ትዝ አለኝ። በእሱ የንግሥቲቱን ቦታ የያዘው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን አያካልልም፤ በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ይራመዳል። የጥንት ተጫዋቾቻችን በወታደር የተሰጠን ማት በፈረስ ከተሰጠው አብልጠው ያወድሱ ነበር። እኔ ወታደሮቼን ያለ ሒሳብ አስበላ ነበር።

መከላከያውንም አልደበቀኝም። ወታደሩ ኤፍ 6 እንደደረሰ ንጉሡን ወደ ኤች 8 ማስገባት፣ ከዚያ ሩኩን ጂ 8 ላይ አምጥቶ ጂ 7ን ማስጠበቅ ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ጊዜዬን የጨረስኩት ቼክ እያልኩ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ምልክቱን ከሥራ ባልደረባው ተማርኩና በእጄ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ነጮቹን ጠጠሮች ወደ እኔ ገፋቸው።

አሁን ቼክ ስል ጠረጴዛውን በጣቴ መታ አደርጋለሁ፤ ከሚሰሙትም ጋር ቢሆን። እሱን እስካሁን ያሸነፍኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለቱ ኤፍ 6 ላይ ወታደር ነበረኝ።