ሌባ ሳይመጣ የሚጮኽ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መኪናዬ ጮኸች። በዚያ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በሌላው ሪሞቱን ጨብጬ በረንዳ ላይ ስደርስ ዘበኛችን ዱላቸውን ይዘው በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ዙር ጨርሰዋል። "ማንም የለም ልጄ፤ እንዲያው ዝም ብላ ነው" አሉኝ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የአራሷ ጎረቤታችን ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ገና ክርስትና ያልተነሣ ጨቅላ ነው። ጠዋት በር ላይ ያገኘኋት እናቱ ምንም አልተናገረችኝም። የዓይኗን መቅላት አይቼ እኔው አንገቴን ደፋሁ።

መኪናዬ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1986 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሕዝቡ "ዲኤክስ" የሚላት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስፖኪዮዋን ነቅለው ወሰዱብኝ። ለሁለተኛው ጊዜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ ምትኩን ስገዛ የራሴኑ መልሼ የገዛሁ ሳይሆን አልቀረም። ተናድጄ ስመለስ አላርም ለማስገጠም ቆርጬ ነበር። ሻጩ ደግሞ በር ከመቆለፍና ከመጮኽ አልፎ ከቤት ሳይወጡ ሞተር የሚያስነሣ ዓይነት አሳየኝ። በአዲስ አበባ ክረምት ቁርሴን እየበላሁ ሞተር ማሞቅ! ልቤ ወደዚያ አጋደለ። አንድ ወጣት በሦስት ሰዓት ውስጥ ገጥሞ ጨረሰና "ማርሽ ውስጥ አስገብተህ እንዳታቆማት" ብሎ አሰናበተኝ።

ጩኸቱ ሲበዛብኝ በሰፈራችን ጡረታ የወጡ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። መጡ፤ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ።

"መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?"

"ሌሊት ሌሊት፣ ጋሼ።"

"ሌሊት ብዙ ነው። ሲዘንብ ነው ወይስ ሲያባራ? ከመጮኋ በፊት የምታሳየው ምልክት አለ?"

ጋዜጠኝነት ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነበር። በዚህ ሙያ እንጀራ እየበላሁ በገዛ ግቢዬ ለሚጮኽ ነገር "መቼ" ብዬ አልጠየቅኩም። ዝም ስል ከወደ በሩ ዘበኛችን መለሱልኝ።

"ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ብርዱ ሲጠና ነው። ልትጮኽ ስትል የውስጥ መብራቷ ብልጭ ትላለች።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም አባባ?" አልኳቸው።

"መቼ ጠየቅኸኝ?"

ሽማግሌው በቀጥታ ወደ ግራ የኋላ በር ሄዱ። በሩ ሲከፈት የውስጡን መብራት የምታበራ ትንሽ ስዊች አለች። አላርሙም በሩ መከፈቱን የሚያውቀው በእሷው ነው። ላስቲኳ ተቀዶ ውሃ ገብቷት ዝጋለች። እርጥበቱ እንደ ተከፈተ በር ሆኖ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ አላርሙ ሌባ ገባ ብሎ ያምናል። ስዊቿን ቀየሩ።

በዚህ አላበቁም። "ማሳ" የሚሉትን፣ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰውን የአላርሙን ጥቁር ሽቦ ፈለጉ። ወጣቱ በዳሽቦርዱ ሥር ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ በብሎን አጥብቆታል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። አላርሙን አስጩኸው በዚያ ሽቦና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል በቴስተር ሲለኩ 1.8 ቮልት አሳየ። "ከዜሮ ብዙም መራቅ አልነበረበትም" አሉና ቀለሙን ፍቀው፣ ብረቱን አንጽተው መልሰው አሠሩት።

ቀጥሎ ወደ ቁልፍ ማስነሻው ሽቦዎች ገቡ። አንዱ መኪናው ጠፍቶም ኤሌክትሪክ የማይለየው ነው፤ ሌላው ቁልፍ ሲዞር በርቶ ሞተሪኖው ሲሠራም የማይጠፋ፤ ሦስተኛው የሬዲዮና የመሳሰለው፣ ሞተሪኖው ሲዞር ለአፍታ የሚቋረጥ፤ የመጨረሻው ሞተሪኖውን ብቻ የሚያዝ። "ቀለማቸውን አልከተልም። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት እጅ ነክቶታል?" እያሉ አንድ በአንድ ለኩ። በናስትሮ የተጠቀለለ አንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

ይህ ሽቦ ማርሹ ነፃ መሆኑን ለአላርሙ ሣጥን የሚነግር ነበር። ማርሽ ውስጥ ከገባች ሣጥኑ ሞተሩን እንዳያስነሣ ይከለክላል። ገጣሚው ከማሳ ጋር ጠምዝዞ አስሮታል። ስለዚህ ሣጥኑ ሁልጊዜ "ነፃ ነው" የሚል ወሬ ብቻ ይሰማል። የፍሪሲዮኑም መከላከያ እንዲሁ ታልፏል። ለባለ ማርሽ መኪና በትክክል በተሠሩት ላይ ነጂው ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎና የእጅ ፍሬን ይዞ ይወርዳል። በሩ ሲዘጋ ሣጥኑ ራሱ ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በር ከተከፈተ በሪሞት ማስነሣት አይቻልም። የእኔዋ ከዚህ አንዱም አልነበራትም።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የማርሹን ዘንግ ነካ አደረጉት። አልተወዛወዘም። አንደኛ ማርሽ ውስጥ ነበረች።

ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግቢያችን ወደ አጥሩ ያዘነብላል። አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ "በፍሬን አትመን፤ ዳገት ቁልቁለት ላይ በማርሽ አቁም" ይለኝ ነበር። ወጣቱ የተናገረውን ሁለት ሳምንት ያህል አስታወስኩ፤ ከዚያ እጄ ወደለመደው ተመለሰ። መቼ እንደተመለሰ አላውቅም።

ቀና ስል ዘበኛችን በመኪናዋ አፍንጫና በአጥሩ መካከል፣ ዘወትር ከሚቀመጡበት ዱካ ላይ ሆነው ሻይ ይጠጣሉ። የአምስት ዓመቷ ልጄ በረንዳው ላይ ቆማ ሪሞቱን በሁለት እጇ ይዛለች። "ብርም" የሚያደርገውን ቁልፍ ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች።

"የኔ እመቤት፣ እስቲ እሱን አምጪልኝ" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሳትነኪው። እንዲህ አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ።"

አመጣችላቸው። እስክትደርስ ድረስ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሪሞቱን ኪሳቸው ከተው፣ ማርሹን ነፃ አውጥተው፣ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን የሣጥኑን ሽቦ በፒንሳ ቆረጡና ጫፉን በናስትሮ ጠቀለሉት። "ሞተርህን በቁልፍ ታስነሣለህ" አሉኝ። የድካማቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ በሌሊት ጮኻ አታውቅም። የአራሷን ቤት በስኳርና በዳቦ ጠይቄያለሁ። ለዘበኛችንም የሆነውን ሁሉ አስረድቼ፣ ሽቦው ስለተቆረጠ ከእንግዲህ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው አመሰገኑኝ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ዱካቸውን ከመኪናዋ ፊት አንሥተው ከበሩ ምሰሶ አጠገብ አድርገውታል። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እኔም ይመለሱ አላልኳቸውም።