ሁለተኛው ጽላት

ጥምቀት በመጣ ቁጥር አክስቴ ትዝ ይሉኛል። ኑሯቸው ዳንግላ ነው። ታቦቱ በፈረሰኛ ታጅቦ ሲያልፍ፣ አገሩ ሁሉ እልል ሲል፣ እሳቸው ከሰው ኋላ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ።

በወጣትነታቸው ጨሌ ነበራቸው። ቀይና ጥቁሩን ዶቃ ከሙዳይ አውጥተው፣ ቅቤ ቀብተው፣ ዕጣን አጭሰው ቡና ያፈሉለት ነበር። ንስሐ ገብተው ከጣሉት ብዙ ዘመን ሆኗል። ሰው ግን አልተወላቸውም፤ ዛሬም ከኋላቸው «ባለ ጨሌዋ» ይላቸዋል። «እትየ፣ ለምን ቀና ብለው አያዩም?» ስላቸው፣ «በምን ዓይኔ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ይህ ቃላቸው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32ን ደግሜ እንዳነብ አደረገኝ። እስራኤላውያን ባሕር ተከፍሎላቸው በተሻገሩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሙሴ ቢዘገይባቸው ጉትቻቸውን ለአሮን ሰጡ፤ ጥጃ ሆነ። ጣዖቱ ከባዕድ አገር አልመጣም፤ ከገዛ ጆሯቸው ወለቀ። ሙሴም ጽላቱን ከተራራው ሥር ሰበረ፤ ጥጃውን አቃጥሎ፣ ፈጭቶ፣ በውኃ በትኖ አጠጣቸው። በዚያ ቀን ወደ 3000 ሰው ወደቀ። በደሉ ተሸፋፍኖ አልታለፈም። ግን ያው ሙሴ፣ እነሱ ይቅር ካልተባሉ የእሱም ስም ከመጽሐፍ እንዲደመሰስ ለምኖ ቆመላቸው።

ከዚያስ? እግዚአብሔር ሌላ ጽላት ጠርቦ እንዲመጣ ሙሴን አዘዘው፤ ዳግም ጻፈላቸው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 10 እንደሚለው፣ ታቦቱ ውስጥ የገባው ይህ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ አክስቴ ቀና ብለው ለማየት ያፈሩበት ታቦት፣ ጣዖት አምልኮ ምሕረት ያገኘ ሕዝብ ጽላት ምሳሌ ነው!

የይሁዳው ንጉሥ ምናሴማ 55 ዓመት ነግሦ፣ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጣዖት አቁሞ፣ ልጆቹን በእሳት አሳልፎ ነበር። በሰንሰለት ታስሮ ሲለምን ተሰማለት። ጸሎተ ምናሴን ዛሬም እኛው እንጸልየዋለን።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛም አገር አለ፤ ከዳንግላ አለፍ ብሎ ግሽ ዓባይ አለ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ፣ አገዎች ለዓባይ ምንጭ ላም እንደሚያርዱ ጽፏል። ይህን ሲሰማ የሚያፍር የአገው ወጣት አጋጥሞኛል። አይፈር። የአባቶቻችን ታሪክ ከእስራኤል ታሪክ አይከፋም።

ጥር 11 ቀን እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ታቦት ስታጅቡ፣ ከኋላ አንገቷን ደፍታ የቆመች እናት ካያችሁ፣ እጇን ይዛችሁ ወደ ፊት አምጧት። ያን ስሟንም ተዉላት።