«ጽንሱ ጤናማ ነው»

ባለቤቴ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ማክሰኞ ሌሊት ሆዷን አመማት። ሕመሙ እምብርቷ አካባቢ ጀመረ፤ ሲነጋ ወደ ቀኝ ጎኗ ዞረ፤ አስመለሳት። አማቴ «ጽንሱ እየተገላበጠ ነው» አሉ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን። ሁለተኛው ጋ አልትራሳውንድ ተነሣች። ውጤቱ «ጽንሱ ጤናማ ነው» ይላል። ደስ ብሎን ወደ ቤት ተመለስን። እሷ ግን ቀጥ ብላ መራመድ አልቻለችም።

ትርፍ አንጀት መሆኑ የታወቀው በማግስቱ ማታ ነው።

የጋዜጠኛ አመል ሆኖብኝ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ ብዙ አንብቤያለሁ። ከእርግዝናው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ነፍሰ ጡሮችን በድንገት ለቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ በሽታዎች ዋነኛው ይኸው ትርፍ አንጀት ነው። ችግሩ ምልክቱ ሁሉ በእርግዝና መሳበቡ ነው። ማቅለሽለሹ የእርግዝና ነው ይባላል። ነጭ የደም ሴል ከ11 ሺህ ሲያልፍ ሐኪም ይጠረጥራል፤ በእርግዝና ጊዜ ግን ያለምንም በሽታ 15 ሺህ ሊደርስ ይችላል። ማሕፀን ሲያድግ ትርፍ አንጀትን ወደ ላይ ሊገፋውም ይችላል፤ የባለቤቴን ሕመም «ሐሞት ነው» ያለም አልጠፋም። (የአብዛኞቹ ግን እዚያው በስተቀኝ ከሆድ በታች ነው የሚያመው።)

ያናደደኝ ሌላ ነው። ያ አልትራሳውንድ የታዘዘው ልጁን ለማየት ብቻ ነበር። ነፍሰ ጡር ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ምን ለማየት እንደታዘዘ ጠይቁ። ሆስፒታል ደርሰን በድጋሚ ስትነሣ ደግሞ «ትርፍ አንጀቱ አልታየም» ተባለ፤ ተረኛው ሐኪም ይህን አንብቦ ሊያሰናብተን ነበር። እርግዝናው ሲገፋ ትርፍ አንጀት በአልትራሳውንድ አለመታየቱ የተለመደ ነው፤ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ የሚመከረው ጨረር የሌለው ኤም አር አይ ነው። በዚያ ሌሊት የሚያነሣ ሰው አልተገኘም።

የወሰኑት አንዲት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ወረቀቱን ወደ ጎን ትተው ሆዷን ዳሰሱ። «የኔ እናት፣ መጀመሪያ የት ነው የጀመረሽ?» ሁለት ቀን ሙሉ ይህን የጠየቃት አልነበረም። ለእኔ ደግሞ፣ ከፍተን ደህና ሆኖ ብናገኘውም ለጽንሱ አደጋ አለው፤ ፈንድቶ ከጠበቀን ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ።

መግል ይዞ ነበር፤ አልፈነዳም። ልጃችን ጊዜዋን ጠብቃ ተወለደች፤ አሁን 2 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን የአልትራሳውንድ ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም። ስለ ጽንሱ አምስት መስመር ተጽፎበታል፤ ስለ እናቲቱ ሕመም ምንም የለም።