«ከፍ ብሎ፣ ደርቆ ቀረ»

እንግሊዞች አንድ ሰው ያመነው ነገር ከድቶት ሲቀር «ሃይ ኤንድ ድራይ ቀረ» ይላሉ። ቃል በቃል ሲገለበጥ «ከፍ ብሎ፣ ደርቆ ቀረ» ነው። ለመቱ ልጅ ይሄ ምኑ ነው ችግሩ? በዝናብ ስንደበደብ ላደግን ሰዎች ከፍ ብሎ መድረቅ ምኞት እንጂ መከራ አይደለም!

ነገሩ የመርከበኞች ነው። የባሕር ውሃ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ ወደ ዳር የተጠጋች መርከብ፣ ውሃው ሲሸሽ ደረቅ አሸዋ ላይ ትቀራለች። እሷ የትም አልሄደችም፤ የሄደው ውሃው ነው።

እኛ ደግሞ «ሜዳ ላይ ቀረሁ» እንላለን። ባሕር ባይኖረን ሜዳ አናጣም። ኢሉባቦር ግን የመርከበኞቹንም አባባል በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው፣ ባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የጎሬ ቡና በበቅሎ ቁልቁል ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ካርቱም ይገባ ነበር። ባሮ ታዲያ እነዚያን መርከቦች የሚሸከመው ክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ሳይጎድል ያልወጣ መርከብ እስከ ከርሞ ክረምት አሸዋ ላይ ቁጭ!

በኋላ የጎደለው ራሱ ንግዱ ሆነ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቡናው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ዋና ከተማነቱም ከጎሬ ወደ እኛዋ መቱ መጣ። ጎሬ ከኮረብታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ከፍ እንዳለች ደርቃ ቀረች።

አባባሉ ለእኔ የገባኝ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «አልፈሃል፣ እንጠራሃለን» አለኝ። ስምንት ወር ጠበቅኩ። ቅጥሩ ተሰርዞ ነበር፤ የነገረኝ ግን የለም። ሰፈሩ ሁሉ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ይላል። በእኛ አነጋገር ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ወይ የጣለው አለ፣ ወይ ራሱ ሰንፏል። ውሃው ሄዶበት ይሆናል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

እናም «ይጠሩናል» እያላችሁ መቱና ጎሬ የተቀመጣችሁ ጓደኞቼ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባሮ እንኳን የሚሞላበት ወር ይታወቃል። የእናንተ ውሃ መቼ እንደሚመለስ የነገራችሁ አለ?