33 ዓመት የዘገየ ዳቦ

በብዙዎቻችን ቤት ልደት ማለት ቶርታ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ለኬክ ቤቱ ይታዘዛል፣ የልጁ ስም በክሬም ይጻፍበታል፣ አባት ከሥራ ሲመለስ እንዳይጋደምበት እየተጠነቀቀ በመኪናው ወንበር ላይ አስቀምጦ ያመጣዋል። ቶርታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደመጣ፣ ኬኩም በዚያው በኩል እንደገባ የፒያሳውን ኤንሪኮ የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው አይጠፋውም። እኔን የሚገርመኝ ግሱ ነው። ሻማው እፍ ከተባለ በኋላ በቢላ እየከፋፈልነው እንኳ «ኬክ ቆረስን» ነው የምንለው። መቁረስ የዳቦና የእንጀራ ቃል ነው፤ ቁርስ የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው። እናቶቻችን ቶርታ የሚባል ነገር ከማየታቸው በፊት ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ከሩቅ መንገድ ለተመለሰ ልጅ የሚቆርሱት ድፎ ዳቦ ነበራቸውና፣ ቋንቋው አዲሱን እንግዳ በአሮጌው ወንበር ላይ አስቀመጠው።

የተወለድኩት ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና ነው። የልደት ቀኔን የማውቀው በዕድል ነው ማለት ይቻላል። አብሮ አደጎቼን ብትጠይቋቸው «ገብሱ ሲያሸት»፣ «በአጨዳ ሰሞን»፣ «የእገሌ ሠርግ በሆነ በሳምንቱ» ይሏችኋል። አገራችን የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ በመደበኛነት የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ሲገባ መዝጋቢው «መስከረም 1» ብሎ የጻፈለት ሰው ስንት እንደሆነ በየቤታችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። በዚያ አቆጣጠር ግማሹ የወሎ ሰው የእንቁጣጣሽ ልጅ ነው። እኔ ግን የመጣሁት እናቴ የኅዳር ሚካኤልን ንግሥ አክብራ በተመለሰች ሌሊት ስለሆነ ቀኑ አልጠፋም። ኅዳር 13። ዓመቱን ደግሞ ወሎዬ ሆኖ የሚረሳው የለም፤ 1977።

«ሰባ ሰባት» ብሎ ዝም የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትግፉት። በወሎ ደጋ በልግ ሲቀር የሚጎድለው አንድ ምርት ብቻ አይደለም፤ ተከትሎት ክረምቱም ካሳጠረ ጎተራ የሚባል ነገር አይኖርም። በደህና ጊዜ ሴት ስትወልድ እልል ይባላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ጎረቤቶች ይገባሉ፣ ገንፎ ይገነፋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ደግሞ ትልቁ ድፎ ይደፋል። ያ ዳቦ የልጁ የመጀመሪያ ግብዣ ነው። ሕፃኑ አይቀምሰውም፣ ግን መንደሩ በእሱ ስም በልቶ በስሙ ይመርቀዋል።

የእኔ 80ኛ ቀን የዋለው በየካቲት መጀመሪያ ነው። ቤት ውስጥ ቀርቶ የነበረው ለዘር የተቀመጠው ገብስ ሲሆን እሱም ከገና በፊት አለቀ። እናቴ ሊጥ የሚሆን ነገር አጥታ እንደተቀመጠች ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ሙስሊም እናት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን እፍኝ ባቄላ ይዛ መጣች። ተቆላ። ቄሱም፣ የክርስትና እናቴም፣ የተገኘውም ሰው ሁለት ሁለት ፍሬ ተካፍለው መረቁኝ። እናቴ ይህን ስታወራ አታለቅስም። ሁልጊዜ የምታበቃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ያንቺን ዳቦ ሳልጋግር ቀረሁ»። በዚያ ዓመት ስንት ልጅ እንደቀረ የምታውቅ ሴት፣ የተረፈች ልጇ ፊቷ ተቀምጣ፣ የምትቆጨው ስለ ዳቦው ነው። ልጅ ሆኜ ይህ አይገባኝም ነበር። ራሴ ወልጄ ልጄን አቅፌ ከሐኪም ቤት ስወጣ ነው የገባኝ። ልጅ በሕይወት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መምጣቱ ለሰው ሲነገርለት ሌላ ነገር ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የሰባት ዓመት ልጄ ናት። «እማ፣ አንቺ ትንሽ ሆነሽ ኬክሽ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። እንደ ልጅ አዝና ትረሳዋለች ብዬ ነበር፤ አልረሳችውም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ለሚካኤል ንግሥ ወገል ጤና ስንሄድ እሷ በልቧ ድግሱን ጨርሳለች። አያቷ ድፎውን፣ እኛ ኬኩን። 33 ለበዓል የሚሆን ክብ ቁጥር አይደለም ብላት «ታዲያ እስከ መቼ ልትጠብቂ ነው?» አለችኝ።

ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ገደሉ ወርዶ እንደገና ወደ ደላንታ የሚወጣው መንገድ ለተሳፋሪ ሆድ አይመችም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚያው በደላንታ ሜዳ ላይ አድርገው ነው። እኔ ያሻገርኩት አንድ ክብ የኬክ ቆርቆሮ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይትና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮባ ነበር። ግን እኔም በጉልበቴ ላይ ታቅፌ ነው የደረስኩት።

ያ ኅዳር 13 ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። እንደዚህ ዓይነት ቀን በብዙ ቤት ልደቱን ወደ ቅዳሜ የሚያስገፋ ነው። እኔ ግን የጾም ኬክን ከሌላው አሳንሼ አላየውም። ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ጭማቂ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው አረፋ ሊጡን ያለ እንቁላል ያነሣዋል፤ ዘይቱ ያለሰልሰዋል። ለአንድ መካከለኛ ቆርቆሮ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ የጎደለ ማር፣ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ፣ ግማሽ ኩባያ ያልሞላ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ሎሚው በመጨረሻ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ቆሞ ወሬ የለም፣ ወዲያው ወደ እሳት።

አንድ ነገር ግን በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ደጋ ለምትጋግሩ ሁሉ ልናገር። ከውጭ የሚመጡ የኬክ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ገደማ ነው፣ ደላንታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አረፋው ያለ ልክ ይለጠጣል፤ ኬኩ በአሥር ደቂቃ ተኩራርቶ ይነሣና ሳይበስል መሃሉ ይሰረጉዳል። ውኃው ቶሎ ስለሚተንም ስኳሩ ይበረታል። ስለዚህ ከሶዳው ወይም ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህሉን ቀንሱ፣ ከጣፋጩም ጥቂት ንሡ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ጨምሩ። ኬካችሁ መሃሉ ሲጎድል እጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት የቆማችሁበትን ተራራ አስቡ።

ማሩ የላስታ ነበር፤ ዘመድ ከላሊበላ በኩል የላከላት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ሳላነሳ አላልፍም። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ ያወጣችለት ስም ከማርና ከንብ ጋር የተያያዘ ነው። ልደቱም ከጌታችን ልደት ጋር ታኅሣሥ 29 ይከበራል። ስለዚህ በእኛ አገር ልደትና ጣፋጭ የተዋወቁት ከቶርታ በፊት ነው እያልኩ ከባለቤቴ ጋር እከራከራለሁ። እሱ የጎንደር ሰው ስለሆነ አያምነኝም።

እናቴ ድፎውን ያቦካችው በዋዜማው ነው። ስንዴው የራሷ ማሳ ነው፤ ወፍጮ ቤት ራሷ ቆማ አስፈጭታዋለች። እርሾውን በለብታ ውኃ በጠበጠችው፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ነሰነሰችበት፣ ጨው በእጇ ለካች። ስንት ማንኪያ እንደሆነ ልጽፍ ስጠይቃት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ሌሊቱን ሊጡ በጋቢ ተጠቅልሎ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል አደረ። ከእኔ የተሻለ ተኝቷል።

ጠዋት ኮባው በእሳት ላይ ገረፍ ገረፍ ተደርጎ ለሰለሰና ምጣዱ ላይ ተነጠፈ። ሊጡ ተገለበጠበት፣ በላዩም ኮባ ለበሰ፣ ከዚያ ብረት ምጣድ ተደፋበትና በብረቱ ጀርባ ላይ ፍም ተከመረ። ከላይም እሳት ከታችም እሳት ሲሉ እንሰማለን፤ ያን ቀን ልጄ በዓይኗ አየችው። ማገዶው ኩበት ነው። እናቴ ባሕር ዛፍ ለድፎ አትወድም፤ ይነድና ይጠፋል፣ ኩበት ግን ሳይጮህ ይሠራል ትላለች። ዳቦው ሲወጣ የኮባው ጅማት በጀርባው ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። ምጣዱ ሳይበርድ የእኔን ቆርቆሮ በሦስት ጠጠር ላይ አስቀምጠን ያንኑ ብረት ደፋንበት። ማር ቶሎ ስለሚጠቁር እናቴ የላዩን ፍም በግማሽ ቀነሰችው። ቴርሞሜትር አልነበረም፤ እሷ ግን መዳፏን ከብረቱ በላይ ዘርግታ ትንሽ ከቆየች በኋላ «አሁን ደግ ነው» አለች። ደግ ነበር።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚቆረስ ነገር እንደሌለ ልጄን ማስረዳት ከሁሉም ከበደ። ሦስት ጊዜ ሰዓት ጠየቀች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የአንዱን ሥጋ አንዱ ስለማይበላ በድግስ ላይ ሁለት ዓይነት ማሰናዳት የተለመደ ነው። ዳቦ ግን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ያንኑ አንድ ድፎ ሁሉም ይቆርሰዋል። ቄሱ ባረኩ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ጎረቤታችንም ዱዓ አደረጉ። እናቴ ከመሃል ያለውን ለስላሳውን ቆርሳ ለእኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ሄዳ ባቄላውን ላመጣችው ጎረቤታችን ሰጠቻት። ሴትዮዋ አሁን አርጅታለች፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ ነው የመጣችው። ዳቦውን ይዛ ጥቂት ዝም አለችና «ያኔ እኮ ባቄላው አርሮብን ነበር» አለች። ሁለቱ አሮጊቶች ሳቁ። እናቴ በዓይኗ ላይ ነጠላዋን ጎተተች።

ኬኩም ተቆረሰ። ልጄ «ሃፒ በርዝደይ» አስጀመረች፤ ሽማግሌዎቹ በጭብጨባ አጀቧት። እናቴ ቁራሿን ቀስ ብላ አላምጣ ፍርዷን ሰጠች፤ «ይጣፍጣል። ግን ለስንት ሰው ይበቃል?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው ብዬ አስባለሁ። ድፎ የሚለካው በሚያዳርሰው ሰው ነው፤ የእኛ ቶርታ ግን በፎቶው እየተለካ መጥቷል። ሥራ ውሎ ለገባ ወላጅ ከኬክ ቤት መግዛት ነውር የለበትም፣ እኔም በጣም ብዙ ጊዜ ገዝቻለሁ፣ ለወደፊቱም እገዛለሁ። በቤት መጋገር የሚጠቅመው ግን ልጁ ሲሠራ ስለሚያይ ነው፤ ዱቄቱን ይነፋል፣ ሳህኑን ይልሳል፣ «ስለ እኔ ነው ይህ ሁሉ» ብሎ ይጠብቃል። ልጄ ከዚያ በፊት የበላቻቸውን ቶርታዎች አታስታውስም። የወገል ጤናውን ግን የፍሙን ቁጥር ጭምር ትነግራችኋለች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ኅዳር 13 ድፎና ኬክ አብረው ይወጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ገብቶ ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ፣ እናቴ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ሳናውቅ ቀኑ ደረሰ። ባለቤቴ ዘንድሮ ይቅር አለ። አልቀረም። በኦቭን ውስጥ፣ በኮባ፣ ለብቻዬ ጋገርኩትና ለጎረቤት በየደጁ አደረስኩ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ የወሎ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያን ሰሞን እንዲሁ ነበር። ስልኩ ተመልሶ ድምፅዋን ስሰማ እኔ ስለ ጤናዋ ስጠይቅ እሷ አቋርጣኝ «ዳቦሽን ጋገርሽ?» አለችኝ።

ባለፈው ሰኔ ልጄ 15 ዓመት ሞላት። ኬኩን ጓደኞቿ እናመጣለን ስላሉ እሷ ድፎውን ልሥራ ብላ ተነሣች፤ ስልኩን በዱቄት ዕቃው ላይ አስደግፋ አያቷን እያነጋገረች። እናቴ ከወገል ጤና ትመራታለች፤ «ውኃውን አታብዢ። እሱ በቂ ነው። አሁን እጅሽን ከሊጡ ውስጥ አውጪና አሳዪኝ...»