ወንዝ የሚከተል መንገድ፣ ወንዝ የሚሸሽ መንገድ

ኑሮ በከበደበት፣ ሰው ሁሉ ስለ ዳቦና ስለ ቤት ኪራይ በሚያወራበት ጊዜ ስለ ብስክሌት መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አንባቢም «ምነው፣ ሌላ ጉዳይ ጠፋ እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ አገርን ለማወቅ ከሚረዱን ነገሮች መካከል እንደ ብስክሌት ርካሽና እውነተኛ የሆነ ብዙ አላየሁም። አውቶቡስ ዳገቱን ይደብቅብናል፤ ተሳፋሪው ሲነቃ ከተማው ደርሷል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዳገቱን በሚገባ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ብዙ አይርቅም። ብስክሌት በሁለቱ መካከል ናት። ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት አንድን ወረዳ ከዳር እስከ ዳር ታሳያለች፤ ዋጋውን ግን በየሜትሩ ከጉልበት ላይ ትቀበላለች።

በብስክሌት አገር ማየት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ፈረንሣይ ይሄዳል። በሐምሌ ወር ቱር ደ ፍራንስን በቴሌቪዥን የተመለከተ ሰው ማን እንዳሸነፈ ቢረሳ እንኳ ከሄሊኮፕተር ላይ የሚታየውን ገጠር አይረሳም። በሎዋር ወይም በዶርዶኝ ወንዝ ዳር የተዘረጋው ጠባብ አስፋልት፣ የድንጋዩ ድልድይ፣ የወይኑ ተክል፣ ከኮረብታው ላይ ብቅ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ዓይን ውስጥ ይቀራል። በዚያ አገር መንገዱ ወንዙን ይከተላል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ወንዞቹ ሰፋ ያለና ለስላሳ ሸለቆ ስለሠሩ ከተማውም፣ ወፍጮውም፣ የባቡሩ ሐዲድም ከውሃው ዳር ሰፈሩ። ብስክሌተኛው ከወንዙ ጋር አብሮ ሲወርድ ብዙም ሳይደክም ይውላል፤ ኮረብታ ሲያምረው ብቻ ወደ ጎን ይታጠፋል።

የእኛ ደጋ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ መንገዱ ወንዙን ይሸሻል። ወንዞቻችን ደጋውን እየሰነጠቁ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚጓዙ ሰው ከላይ፣ ከሜዳውና ከሸንተረሩ ላይ ሰፈረ። ሙቀቱንና ወባውን ለቆላው ተወ። ዓባይን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የተሻገረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ለፈረንሣዩ ብስክሌተኛ ወንዝ የመንገድ ጓደኛ ነው። ለእኛ ግን ጉዞን ለሁለት የሚቆርጥ ነገር ነው። ስለዚህ በአገራችን በብስክሌት መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሸንተረሩን መፈለግ አለበት።

ያደግሁባት ደብረ ብርሃን ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ነች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን የታየበት ቦታ ነው ብለው የቆረቆሯት ከተማ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚገኘው የቦኔት ጫፍ ሲሆን ከፍታው 2,802 ሜትር ነው። እንግዲህ የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች ደረታቸው እስኪፈነዳ ወጥተው በሚደርሱበት ከፍታ ላይ የደብረ ብርሃን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ይላካል ማለት ነው! በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ብርዱም የዚያኑ ያህል ነው። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔና እኩዮቼ ብስክሌት የተማርነው በሰዓት እየተከራየን ነው። ፍሬኗ የማይዝ፣ ካቴናዋ በየመቶ ሜትሩ የሚወልቅ፣ ኮርቻዋ ከጨርቅና ከስፖንጅ የተጠቀለለ ብስክሌት ነበረች። አንዱ ይነዳል፤ ሦስቱ ከኋላ ይሮጣሉ፤ አከራዩ ሰዓቱን ያያል። ከከተማው መውጣት ክልክል ነበር። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናወራው ስለዚያ ስለተከለከለው ነው፤ በስተምሥራቅ ስላለው ስለ አንኮበር መንገድ።

ያን መንገድ በብስክሌት የሄድኩት ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዬ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነበር፤ ብስክሌቷም ሁለተኛ እጅ ብትሆን የራሴ ነበረች። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ ስነሣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ብሎ ነበር። ከቤቶቹ ደጅ የኩበት ጭስ ይወጣል፤ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ላይ ነዶ ተከምሯል፤ በጎቹ ገና ከበረት አልወጡም። መንገዱ ለዓይን ሜዳ ይመስላል፤ ጉልበት ግን አይታለልም። ቀስ በቀስ፣ ሳያስታውቅ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አንደኛው ማርሽ ላይ ሆኜ ትንፋሼን እየቆጠርኩ ስገፋ አንድ ባና የደረቡ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ሆነው ቁልቁል አዩኝና፣

«ልጄ፣ ሞተሩ የት ጋ ነው ያለው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሞተሩ እግሬ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግዲያው ቁርስ በልተህ ነው የወጣኸው? ዳገት ሥር የተሰጠ ገብስ ዳገት አያስወጣም» ብለው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጡኝ። አባባሉ የበቅሎ ነጋዴዎች ነው፤ እንስሳዋን ማብላት ከመንገዱ በፊት እንጂ ዳገቱ ሥር ደርሶ አይደለም ለማለት። የዛሬ የብስክሌት አሠልጣኞች ስለ ምግብ የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በቦርሳዬ የያዝኩት በሶም ያው ገብስ ነበር።

ከሸንተረሩ ጫፍ ሲደርሱ ምድር በድንገት ያልቃል። በስተግራና በስተቀኝ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ ከፊት ለፊት ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ጉሙ፣ ከጉሙ በታች ደግሞ እስከ አፋር ሜዳ የሚወርደው ቆላ ነው። እዚህ ላይ በትምህርት ቤት በካርታ የተማርኩትን ነገር በእግሬ አወቅሁት። ከኋላዬ የቀረው የበሬሳ ወንዝ ከጀማ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ከፊቴ ያለው ውሃ ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አካባቢ ባሉ ሐይቆች ውስጥ ያበቃል። ሁለት ዝናብ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸንተረር ላይ ወርዶ አንዱ ግብፅ ሌላው አፋር ይደርሳል። ይህን ከአውቶቡስ መስኮት ማን ልብ ይለዋል? ፔዳሉ ድንገት ሲቀልለው ግን ብስክሌተኛ ያውቀዋል።

ቁልቁለቱ ሌላ ፈተና ነው። ፍሬን ሲበዛ ቸርኬው ይግላል፤ ሲያንስ ደግሞ ገደሉ አለ። በየኩርባው በግ ወይም አህያ አያጣም። ልጆች እየሮጡ «በርታ! በርታ!» ይላሉ፤ ለሚወርድ ሰው ምን ብርታት እንደሚያስፈልገው እነሱ ያውቃሉ። ጎረቤላ ስደርስ አንዲት እናት ጠላ ከቀዱልኝ በኋላ «ብረትህን እዚህ ተዋት፣ ማንም አይነካት፤ ሄደህ ቤተ መንግሥቱን እይ» አሉኝ። ቁልፍ አልነበረኝም፤ ቁልፍም አላስፈለገም።

አንኮበር የሚለው ስም ውስጥ «በር» አለ። በር ነበረችና። ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ደጋው የሚወጣው በዚች በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊዋዋል የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነበር፤ ፈረንሣዊው ሮሼ ዴሪኩርም እ.ኤ.አ. በ1843 የራሱን ውል ተዋውሏል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አርቱር ራምቦ ነው። በሰሜን ፈረንሣይ በመዝ ወንዝ ዳር ባለችው በሻርልቪል ተወልዶ፣ በልጅነቱ ግጥም ጽፎ፣ በሃያ ዓመቱ ገደማ ግጥምን የተወው ያ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በቅፍለት አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን ግን አላገኛቸውም፤ ወደ እንጦጦ ሄዶ መጠበቅ ነበረበት። የዛሬዋን የምትመስል፣ ሁለት እኩል ጎማና ካቴና ያላት ብስክሌት በእንግሊዝ አገር ለገበያ ከቀረበች ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ከወንዝ ዳር የተነሣው ፈረንሣዊ የእኛን ሸንተረር የወጣው በእግርና በበቅሎ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የትግራዩ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ጨረሰ። የሦስቱም ጉልበት የተሠራው በእኛው ደጋ፣ በእኛው ዳገት ላይ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት የት ሄደ? መልሱን ለማግኘት ጉልበቱን ትቶ መንገዱን ማየት ይበቃል። ብስክሌተኛ በመንገድ ላይ ካሉት ሁሉ መጠጊያ የሌለው ነው። መስኮት የለውም፤ በር አይዘጋም፤ አምልጦ አይሄድም። በመኪና የሚያልፍ ሰው ለመንደሩ ታርጋ ነው፤ በብስክሌት የሚያልፍ ግን ፊት ነው፤ ሰላም ይባላል፣ ከየት መጣህ ይባላል፣ ቆሎ ይሰጠዋል። ይህ የሚሆነው ታዲያ መንገደኛውና መንደሩ ሲተማመኑ ብቻ ነው። መተማመኑ ሲሄድ ከመንገዱ ላይ መጀመሪያ የምትጠፋው ብስክሌት ነች።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በእኛ አካባቢ ሰው ጉዞ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዳገቱ ሳይሆን «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። እኔም ከ2011ዱ ጉዞ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ላይ እደግመዋለሁ ብዬ ነበር፤ ብስክሌቷ ግን ከቤት ግድግዳ ተደግፋ አቧራ ለብሳለች። ለእኔ የቀረው ሽርሽር ነው፤ ብዙ ሰው ከዚህ እጅግ የከበደ ነገር ቀርቶበታል። የብስክሌት ዋና ከተማችን በሆነችው በመቀሌ በኩል ያለውንም እናውቃለን። ብስክሌተኛዋ እየሩ ገብሩ የትግራዩ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ወደ አገሯ ሳትመለስ ቀርታ ፈረንሣይ ጥገኝነት ጠየቀች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክም በስደተኞች ቡድን ስም ነው የተወዳደረችው። በዳገት ያደገች ልጅ ዛሬ የምትለማመደው በሰው አገር መንገድ ነው።

የፈረንሣይም የወንዝ ዳር መንገድ ሁልጊዜ እንዲህ ሰላም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ ከ1915 እስከ 1918፣ ከዚያም ከ1940 እስከ 1946 አልተካሄደም። የመጀመሪያው ጦርነት ካበቃ ስምንት ወር ሳይሞላው በ1919 ሲቀጥል የሰሜኑ መንገድ በመድፍ ታርሶ ነበር፤ ከተነሡት 67 ሰዎች ፓሪስ የደረሱት አሥር ያህል ብቻ ናቸው። ቢሆንም የየመንደሩ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ብስክሌተኞቹ ሲያልፉ አየ። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ያየው ወታደር ነበር።

ለእኛም የምመኘው ይህንኑ ነው። የሽማግሌው ገብስ ግን ለሰላምም ይሠራል፤ ዳገቱ ሥር ደርሰን የምናፈላልገው ስንቅ አያወጣንም። መነጋገሩም፣ መተማመኑም ከመንገዱ በፊት መዘጋጀት ያለበት ነገር ነው። ያ ሲሆን ምልክቱን ከጋዜጣ አልጠብቅም። አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ በሰዓት የተከራየውን ብስክሌት ይዞ፣ አከራዩ ሳያየው፣ በምሥራቅ በኩል ከከተማው ዳር ሲያልፍና ማንም «ተመለስ!» ሳይለው ሲቀር አውቀዋለሁ።