ወይራና ችካል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዝ አዲስ ዘመን ላይ ወርዶ ወደ ተራራው ቀና ያለ ሰው የጣራ ገዳምን ደን ያያል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ነው፤ ገዳሙ ግን ወይራውንና ጽዱን እንደ ካባ ደርቦ ተቀምጧል። እዚያ ውስጥ ችካል የተተከለለት ዛፍ አላየሁም። ለምንስ ይተከልለታል? ነፋስ ሲመጣ አንዱ ለአንዱ ይከልላል።

የግቢ ዛፍ ግን ብቻውን ነው። አክስቴ ከጓሮዋ የተከለችው ወይራ ሦስተኛዋ ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን ፍየል በላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሮናል፤ መትከል ይቆጠራል፣ ማሰርና መፍታት ግን ቆጣሪ የለውም። «እኔስ አልደርስበትም፤ የእርጎውን ዕቃ ያንተ ልጆች ያጥኑበት» ትላለች። ስለዚህ አጥብቃ ያዘችው። ከባሕር ዛፍ ችካል ጋር ሦስት ቦታ፣ እስከ አንገቱ ድረስ፣ በቃጫ ገመድ ጠፍራዋለች። ለዕረፍት ስሄድ ገመዱ ቅርፊቱን መብላት ጀምሯል። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ደግሞ በዚያው በቅርፊቱ በኩል ነው።

«አክስቴ፣ ታንቋል እኮ!»

«ብለቀው ይሰበራላ! አንተንስ ድክ ድክ ስትል እጅህን ለቅቄ ነበር?»

«በኋላ ለቀቅሽኝ እንጂ።»

ዝም አለች። (እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ምሳሌ ማድረግ እንወዳለን፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ዛፉ ነው።)

ግንድ የሚወፍረው፣ ሥርም መሬት የሚቆነጥጠው ሲወዛወዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 በተባለ ትልቅ የመስታወት ቤት ሰዎች ከነዛፎቻቸው ተዘግተው ሁለት ዓመት ኖረው ነበር። ነፋስ ስላልነበረ ዛፎቹ ጠንካራ እንጨት ማበጀት አቃታቸው። ይህን ስነግራት «ነፋስ የሌለበት አገርም አለ?» ብላ ሳቀች።

ገመዱን የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ቢላዋውን አላስነካችኝም። የላዩ ሲፈታ ጫፉ ጎንበስ አለ፤ እሷም «ኧረ ወይኔ!» ብላ በሁለት እጇ ያዘችው። ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። ጎበጠ እንጂ አልወደቀም። ችካሉን ነቅለን ሥሩን እንዳይነካ ራቅ አድርገን፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ አጠር ያለ ተከልን። ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ፣ በግንዱና በችካሉ መካከል እያጠላለፈች ስምንት ቁጥር አስመስላ፣ ዝቅ አድርጋ አሰረችው፤ ጣት የሚያስገባ ያህል ላላ ብሎ። መያዝ ያለበት ሥሩ ነው፤ ራሱ ይወዛወዝ።

ይኸኛውም ችካል ሥሩ ሲጠና መነሳቱ አይቀርም። «ክረምቱ ይለፍና እናያለን» ብላኛለች፤ ከዚህ በላይ ቃል አልገባችም።

ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ነፋሱ የማድቤቱን ቆርቆሮ እንደገነጠለው ነገረችኝ።

«ወይራውስ?»

«ወዲህ ወዲያ እያለ ነው» አለች።